የጦር ጄት በጠረጴዛ ላይ

በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ሀይሌ ጋርመንት የሚባል ሰፈር አለ። ጋርመንት የሚለው ቃል ከውጭ የመጣ ነው፤ ትርጉሙ የተሰፋ ልብስ ማለት ነው። ልብስ የሚሰፋ ሰው አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ይኸውም ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ልክ መወሰድ እንዳለበት ነው። ደረት፣ ትከሻ፣ ወገብ፣ የእጅጌ ርዝመት ይለካል። ልኩ በወረቀት ላይ ይሰመራል። ወረቀቱ ይቆረጣል። መቀሱ ወደ ጨርቁ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ልኩ ከተሳሳተ ጨርቁ ምንም ቢያምር ኮቱ አይለበስም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሥራ ከልብስ ሰፊው ሙያ ጋር ዘመድ ነው። ሥራው አንድን የጦር ጄት በካርቶን፣ በወረቀትና በኮላ አሳንሶ መሥራት ነው። “ይህ ደግሞ ምን ያደርጋል? አይበላ፣ አይለበስ!” የሚል ጎረቤት አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ አይበላም፣ አይለበስም። ነገር ግን ቁጥር ማንበብ የተማረ ሰው ያነበበውን ቁጥር በእጁ ወደሚጨብጠው ነገር የሚለውጥበት ሥራ ነው። መለካትን፣ ማካፈልን፣ ትዕግሥትን ያስተምራል። የአገርንም ታሪክ ያስነሳል። ሥራው አደጋም አለው፤ እርሱንም በየቦታው እናነሳለን።

ሞዴል ምንድን ነው?

ሕፃናት ከጭቃም ከቆርቆሮም አውሮፕላን ይሠራሉ። ክንፍ ካለው፣ ጭራ ካለው፣ “ቩ...” ካሉለት በቂ ነው። ይህ አሻንጉሊት ነው። ሞዴል ግን ከዚህ ይለያል። ሞዴል የአንድን እውነተኛ ዕቃ መልክ ሁሉንም ክፍሎቹን በእኩል እያሳነሰ የሚያሳይ ነው። ርዝመቱ 50 ጊዜ ካነሰ፣ ክንፉም 50 ጊዜ ማነስ አለበት። ጎማውም፣ መስኮቱም እንደዚሁ። አንዱ 50 ጊዜ፣ ሌላው 40 ጊዜ ካነሰ፣ ያ ሞዴል አይደለም፤ ልኩን የሳተ ኮት ነው።

ይህ የማሳነሻ ልክ ስኬል ይባላል። በሒሳብ ትምህርት ምጥጥን የምንለው ነው። “1 ለ50” ስንል፣ በሞዴሉ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነው በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ነው ማለታችን ነው። እንግዲህ የአውሮፕላኑ 1 ሜትር በሞዴሉ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው በዚህ ስኬል 3 ነጥብ 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከአውራ ጣት አይበልጥም።

በዓለም ላይ የታወቁ የሞዴል ሠሪዎች ስኬሎች 1 ለ72፣ 1 ለ48 እና 1 ለ32 ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች እንግዳ የሚመስሉት ከእንግሊዞች መለኪያ ስለተወለዱ ነው። በእንግሊዞች መለኪያ አንድ ጫማ 12 ኢንች ነው። ስለዚህ 6 ጫማን በ1 ኢንች መወከል 1 ለ72 ይሰጣል። 4 ጫማን በ1 ኢንች መወከል ደግሞ 1 ለ48 ይሆናል። እኛ የምንለካው በሜትር ስለሆነ፣ ለጀማሪ 1 ለ50 ይቀላል። ሜትሩን በ2 ማባዛት ብቻ ነው፤ የሚወጣው መልስ በሳንቲ ሜትር ነው።

ሞዴል የሰው ሕይወት ሲያድን

አውሮፕላን አሳንሶ መሥራት የጨዋታ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙ ወታደሮች የገዛ ወገናቸውን አውሮፕላን ከጠላት አውሮፕላን መለየት ይቸግራቸው ነበር። አውሮፕላን ከሩቅ ሲታይ ጥቁር ጥላ ነው። የሚለየው በክንፉ ቅርፅ፣ በአፍንጫውና በጭራው ነው። ስለዚህ በ1934 ዓ.ም. (በ1942 እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ባሕር ኃይል የትምህርት ቤት ልጆች በ1 ለ72 ስኬል 500,000 የእንጨት ሞዴሎች እንዲሠሩለት ጠየቀ። ሞዴሎቹ ጥቁር ተቀቡ። መድፈኞችና አብራሪዎች እያገላበጡ አጠኗቸው።

እዚህ ላይ የልክን ዋጋ እናስተውል። ልጁ ክንፉን ከልኩ አስበልጦ ቢጠርበው፣ ያንን ሞዴል ያጠና ተኳሽ ወገኑን ጠላት ነው ብሎ ሊመታ ይችል ነበር። በወረቀት ላይ ትንሽ የመሰለች ስሕተት በሰማይ ላይ ትልቅ ትሆናለች።

የትኛውን ጄት እንሥራ?

በአገራችን ሰማይ ላይ የመጀመሪያው አውሮፕላን የታየው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥራ ሲሆን ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ አረፈ። ብዙም ሳይቆይ በዚሁ በአዲስ አበባ አንዲት አነስተኛ አውሮፕላን ተሠራች። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ረዳቶች ጋር ሠርቶ በ1928 ዓ.ም. አበረራት። ስሟም “ፀሐይ” ተባለ። ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር ወሰደቻት፤ ለብዙ ዘመን በኢጣሊያ ሙዚየም ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ይህን የምናነሣው አውሮፕላን በእጅ መሥራት በዚህች ከተማ አዲስ ነገር አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

ጄት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አየር ኃይላችን በ1950ዎቹ ዓ.ም. ኤፍ-86 ሴበር የተባሉትን፣ በዚያው ዘመን መጨረሻ ላይ ኤፍ-5ኤ የተባሉትን ከአሜሪካ አገኘ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የተሻሻለው ኤፍ-5ኢ መጣ። ዋና ሰፈራቸው ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ቢሾፍቱ ነበር። ለሞዴላችን የምንመርጠው ይህንኑ ኤፍ-5ኢ ነው። የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ቅርፁ ቀጥ ያለና ለጀማሪ የማያስቸግር ነው። ሁለተኛ፣ በታሪካችን ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው ጄት ነው።

ልኮቹ እነሆ፦

ርዝመት፦ 14.45 ሜትር። በሞዴሉ 28.9 ሳንቲ ሜትር።
ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ፦ 8.13 ሜትር። በሞዴሉ 16.3 ሳንቲ ሜትር ገደማ።
ከመሬት እስከ ጭራው ጫፍ፦ 4.08 ሜትር። በሞዴሉ 8.2 ሳንቲ ሜትር ገደማ።

የመጨረሻው ልክ የጎማውን እግር እንደሚጨምር አትርሱ። እግሩን ረስቶ አካሉን ብቻ 8.2 ሳንቲ ሜትር የሚያደርግ ሰው ጄቱን ያሰባዋል።

ቅርፁ ከየት መጣ?

ቅርፅን የሚኮርጅ ሰው የቅርፁን ምክንያት ቢያውቅ እጁ አይሳሳትም።

ፊኛ ነፍታችሁ አፉን ሳታስሩ ልቀቁት። አየሩ ወደ ኋላ ሲወጣ ፊኛው ወደ ፊት ይወረወራል። የጄት ሞተርም ሥራው ይኸው ነው። ከፊት አየር ይስባል፤ አየሩን ያምቃል፤ ነዳጅ ጨምሮ ያቃጥለዋል፤ የጋለውን አየር በኃይል ወደ ኋላ ይተፋል። ኤፍ-5 ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሞተሮች አሉት። ስለዚህ በአንገቱ ግራና ቀኝ ሁለት የአየር መሳቢያ አፎች፣ በጭራው ሥር ደግሞ ሁለት የጭስ ማውጫ ቀዳዳዎች እናያለን። አንዱን ብቻ የሠራ ሰው ሌላ ጄት ሠርቷል ማለት ነው።

ጄቱን ከላይ ብናየው ወገቡ ክንፉ ባለበት አካባቢ ቀጠን ይላል። ይህ ለጌጥ አይደለም። አውሮፕላን ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ አየሩ በኃይል ይቋቋመዋል። ድምፅ በባሕር ጠለል አጠገብ በሰዓት 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ክንፉ ባለበት ቦታ አካሉ ሲቀጥን የአየሩ መቋቋም ይቀንሳል። ኤፍ-5ኢ ከድምፅ ፍጥነት እስከ 1.6 እጥፍ ድረስ ለመብረር የበቃው ሞተሩ ከዚህ ቅርፅ ጋር ስለተባበረ ነው። ስለዚህ ወገቡን እንደ ቧንቧ ወጥ አታድርጉት።

ክንፉ አጭርና በጣም ስስ ነው። ከፊት ሲታይ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። ከጭራው ሥር ያሉት ሁለት ትንንሽ ክንፎች ግን በጥቂቱ ወደ ታች ያዘነብላሉ።

ከፎቶግራፍ ላይ ልክ መውሰድ

የጠቅላላውን ርዝመት አግኝተናል። የመስኮቱንና የአየር መሳቢያውን ልክ ከየት እናገኛለን? ከታተመ ፎቶግራፍ ላይ እናሰላዋለን። የጦር ሰፈር ሄዶ ፎቶ ማንሣት የተከለከለ ስለሆነ እንዳትሞክሩት። በመጻሕፍትና በጋዜጦች የወጡት ይበቃሉ።

ጄቱ በትክክል ከጎን የተነሣበትን ፎቶግራፍ ምረጡ። ጄቱ ፊቱን ወደ እናንተ ካዞረ ርዝመቱ አጥሮ ስለሚታይ ልኩ ያታልላል። በፎቶው ላይ ጄቱ 17 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። 14.45 ሜትርን ለ17 ስናካፍል 0.85 ሜትር ይወጣል። በፎቶው ላይ ያለ እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር በእውነቱ 85 ሳንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። አሁን በፎቶው ላይ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክፍል ብናገኝ፣ 3 ጊዜ 85፣ 255 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 2.55 ሜትር ነው። በ2 ስናበዛው በሞዴሉ ላይ 5.1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህ ዓይነት የሁሉም ክፍል ልክ ይገኛል። ያገኛችሁትን ሁሉ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ላይ ጻፉ። ያልተጻፈ ልክ ይረሳል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

1. ሸሚዝ ሲታሸግ ከጀርባው የሚደረገው ዓይነት ደረቅ ካርቶን። ውስጡ ሞገድ ያለው የዕቃ ካርቶን ለዚህ አይሆንም፤ ይወፍራል። የ4 ሚሊ ሜትር ውፍረት በእውነተኛው ጄት ላይ 20 ሳንቲ ሜትር መሆኑን አስቡ።
2. ስስ ወረቀት።
3. ነጭ የእንጨት ኮላ።
4. ምላጭ ወይም የካርቶን መቁረጫ፣ የብረት ማስመሪያ፣ እርሳስ።
5. የብርጭቆ ወረቀት፣ በተለይ የለዘበው ዓይነት።
6. ትንሽ ስቱኮ።
7. ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ስቴኪኒ፣ ያለቀ እስክሪቢቶ፣ ቀጭን ሽቦ፣ ሦስት የሸሚዝ ቁልፎች፣ አንድ ትንሽ ቡሎን።
8. ቀለምና ቀጭን ቡሩሽ።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ከቤት የማይጠፉ ናቸው። ከውጭ የሚመጣ የፕላስቲክ ሞዴል በሣጥን ተዘጋጅቶ ይሸጣል፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ በየሱቁም አይገኝም። በካርቶን የጀመረ ሰው ያንን ቢያገኝ አይቸገርም፤ ዘዴው አንድ ነው።

መቁረጥና መገጣጠም

አገር ቤት ጎጆ ሲሠራ መጀመሪያ ግድግዳው ይቆማል፤ ማገር ይማገራል፤ ከዚያ ይመረጋል። እውነተኛ አውሮፕላንም እንደዚሁ ነው። ውስጡ አጥንት አለው፤ ላዩ በስስ ብረት ይለበሳል። እኛም በዚሁ ቅደም ተከተል እንሠራለን።

መጀመሪያ ጄቱ ከላይ ሲታይ ያለውን ቅርፅ ከነክንፎቹ በአንድ ካርቶን ላይ ሰምራችሁ ቁረጡ። ይህ ወለሉ ነው። ቀጥሎ ከጎን ሲታይ ያለውን ቅርፅ ከነጭራው ቁረጡ። ይህን የጎን ቅርፅ በክንፉ መስመር ላይ ለሁለት ክፈሉት። የላይኛው ክፋይ ከወለሉ በላይ፣ የታችኛው ክፋይ ከወለሉ በታች፣ ልክ መሐሉ ላይ በኮላ ይቆማል። ከፊት ስታዩት መስቀል መምሰል አለበት። ጠመም ካለ ኮላው ሳይደርቅ አቃኑት፤ ከደረቀ በኋላ ጄቱ ዕድሜ ልኩን ጠማማ ነው።

ከዚያ በኋላ ማገሩ ይመጣል። በየ3 ሳንቲ ሜትሩ የአካሉን ክብነት የሚያሳዩ ትንንሽ ቁራጮች በአራቱም ማዕዘን ይጣበቃሉ። በአፍንጫው በኩል ትንንሽ፣ በአየር መሳቢያው አካባቢ ሰፋ ያሉ፣ በወገቡ ላይ ቀጠን ያሉ ይሁኑ።

አካሉን ከማልበሳችሁ በፊት ቡሎኑን በአፍንጫው ውስጥ በኮላ ቅበሩት። ለምን? ጄቱ የሚቆመው በሦስት እግር ነው፤ አንዱ ከአፍንጫው ሥር፣ ሁለቱ ከክንፉ ሥር። የሞዴሉ ክብደት ከኋለኞቹ እግሮች በስተኋላ ከበዛ ጄቱ በጭራው ቁጢጥ ይላል። አፍንጫው ሲከብድ ግን በሦስቱም እግሮቹ ይቆማል።

አሁን ወረቀቱን 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ቀጫጭን ቁራጮች ቁረጡ። በጥቂት ውኃ በቀጠነ ኮላ እያራሳችሁ በማገሩ ላይ ከአፍንጫ ወደ ጭራ አልብሱ። አንድ ዙር ከለበሰ በኋላ እስኪደርቅ አንድ ቀን ጠብቁ። ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። እርጥብ በእርጥብ ላይ ከደረበ ካርቶኑ ይልፈሰፈሳል፤ ክንፉም ይወለጋገዳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው።

ሲደርቅ ጎድጎድ ያለውን በስቱኮ ሙሉና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። የክንፉን የፊት ጠርዝ ስስ እስኪሆን ሞርዱት። በዚህ ጊዜ አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን ይገባል፤ ብናኙ ለሳንባ አይበጅም።

ምላጭ ስትይዙ ወደ ጣታችሁ ሳይሆን ከጣታችሁ ወደ ውጭ ቁረጡ። በአንድ ጊዜ በኃይል ከመጫን ሦስትና አራት ጊዜ በቀስታ መሳብ ይሻላል። የደነዘ ምላጭ ከስለቱ የባሰ አደገኛ ነው፤ ብዙ ያስጫናል፤ ሲያመልጥም እጅ ላይ ያርፋል።

ስለ ማስቲሽ አንድ ምክር

“ኮላ ቶሎ አይደርቅም፣ በማስቲሽ እናጣብቀው” የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፣ ማስቲሽ ቶሎ ይይዛል። ነገር ግን ማስቲሽ ውስጥ በቶሎ የሚተን ፈሳሽ አለ። ያ ትነት በአፍንጫ ገብቶ በደም በኩል ወደ አንጎል ይደርሳል። መጀመሪያ ራስ ያዞራል። እየተደጋገመ ሲሄድ ነርቭን፣ አንጎልን፣ ጉበትንና ኩላሊትን ይጎዳል። ልብንም በድንገት ሊያቆም ይችላል። በከተማችን ጎዳናዎች ላይ ርሃቡንና ብርዱን ለመርሳት ማስቲሽ የሚስቡ ልጆችን ያላየ የለም። በጠባብ ክፍል፣ መስኮት ዘግቶ፣ በማስቲሽ ላይ አጎንብሶ የሚውል ሞዴል ሠሪም ሳያስበው ያንኑ ይስባል።

እንግዲያው ሥራው በነጭ ኮላ ይሁን። ቢዘገይም አይጎዳም። በዘይት ቀለም የምትሠሩ ከሆነ ለማቅጠኛ የሚሆነው አኳራጅም ትነት አለው፤ ቶሎም ይቀጣጠላል። መስኮት ክፈቱ። ቡና በሚፈላበት ከሰል አጠገብ ከቶ አትክፈቱት። ልጆች ካሉ ደግሞ ጠርሙሱ እጃቸው በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

ዝርዝሩ

ሞዴልን ሞዴል የሚያሰኘው ዝርዝሩ ነው። ዝርዝር ማለት ግን ያገኙትን ሁሉ መለጠፍ ማለት አይደለም። ሁሉም ነገር በስኬሉ መጠን መሆን አለበት።

የጄቱ የኋላ ጎማ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሞዴሉ 1.2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህም የአንድ ሸሚዝ ቁልፍ ያህል ነው። የፊቱ ጎማ ያንሳል፤ ለእርሱ የኮሌታ ቁልፍ ፈልጉ። በክንፉ ጫፎች ላይ የሚሰካው ሳይድዋይንደር የተባለ ሚሳይል ርዝመቱ 3 ሜትር ገደማ ነው። በሞዴሉ 6 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። አንድ ስቴኪኒ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ጫፉን አስተካክሎ ትንንሽ የወረቀት ክንፎች መለጠፍ ይበቃል። ለሁለቱ የጭስ ማውጫዎች ያለቀ እስክሪቢቶ ቱቦ ቆርጣችሁ ተጠቀሙ። የአብራሪው መስታወት ከሃይላንድ ጠርሙስ ትከሻ ላይ ይቆረጣል፤ ጎበጥ ያለው ቅርፁ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል።

ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት አንድ ዙር ወጥ ግራጫ ቀቡት። ግራጫው ቀደም ሲል ያልታየውን ጉድፍ ሁሉ ያጋልጣል፤ አስተካክላችሁ እንደገና ቀቡ። የብዙ የጦር ጄቶች ጀርባ የአፈርና የቅጠል መልክ አለው፤ ከላይ የሚያያቸው ሰው ከመሬቱ እንዳይለያቸው ነው። ሆዳቸው ግን ገርጣ ያለ ነው፤ ከታች ለሚያይ ሰው ከሰማዩ ጋር እንዲመሳሰል። ቀለሙንና የአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩን ምልክት ከመረጣችሁት ፎቶግራፍ ላይ ቅዱ እንጂ ከልባችሁ አትፍጠሩ።

የብረቱ መጋጠሚያ መስመሮች በሹል እርሳስ ይሰመራሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1 ለ50 ስኬል 1 ሚሊ ሜትር የወፈረ መስመር በእውነተኛው ጄት ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ነው። እንዲህ የተከፈተ ጄት ማን ይሳፈርበታል? መስመሩ እንደ ፀጉር ይቅጠን። በጭስ ማውጫው አካባቢ ጥቂት የከሰል ዱቄት በጣት ማሸት የጢሱን ጥላሸት ያሳያል። ጥቂት ብቻ፤ ጄቱ ከሥራ የመጣ ይምሰል እንጂ ከምድጃ የወጣ አይምሰል።

ከሞዴሉ በስተጀርባ

ሞዴሉ አለቀ እንበል። መደርደሪያ ላይ ቆሟል፤ ያምራል። ነገር ግን ይህ ውበት ከምን እንደመጣ መርሳት አይገባም። እውነተኛው ጄት የተሠራው ለውጊያ ነው።

በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን ሲገባ የኢትዮጵያ ኤፍ-5 ጄቶች ከሶማሊያ ሚግ-17 እና ሚግ-21 ጄቶች ጋር በአየር ላይ ተጋጠሙ። የአሜሪካ ወታደራዊ ርዳታ ተቋርጦ ስለነበር መለዋወጫ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ጄቶቹን ለበረራ ያበቃቸው የአብራሪው ድፍረት ብቻ ሳይሆን ሌሊቱን ሲጠግኑ ያደሩት የመካኒኮች እጅም ነው። ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የተባሉት ስዊድናዊ ከጠላት ወረራ በኋላ አየር ኃይላችን እንደገና ሲቋቋም ዋና አሠልጣኝ የነበሩ፣ በኋላም ለተራቡ ወገኖቻችን እህል በአውሮፕላን ያደረሱ ሰው ናቸው። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በዚሁ ጦርነት ሞቱ። የኤፍ-5 አብራሪ የነበሩት ለገሠ ተፈራ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማረኩ። 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆይተው በ1980 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። 11 ዓመት ማለት አንድ ሕፃን ተወልዶ አምስተኛ ክፍል የሚደርስበት ጊዜ ነው።

በዚያው በ1980 ዓ.ም. ሰኔ 15 ቀን ደግሞ የደርግ መንግሥት የጦር ጄቶች በትግራይ የሐውዜንን ከተማ በገበያ ቀን ደበደቡ። ጨው፣ እህልና ከብት ሊሸጡና ሊገዙ የመጡ ብዙ ሰዎች አለቁ። ጄት ወራሪን ይመክታል፤ ጄት የገዛ ወገኑንም ገበያ ያጠፋል። ክንፉ አይመርጥም። የሚመርጠው የሚያዝዘው ሰው ነው።

ስለዚህ ሞዴሉ የመጨረሻ ሥራ ይቀረዋል። እርሱም ጽሑፍ ነው። ከማቆሚያው ሥር አንድ ትንሽ ካርቶን ለጥፉና የጄቱን ስም፣ ስኬሉን፣ የነበረበትን ዘመን፣ የሠራውን ሥራ በአጭሩ ጻፉ። ደጉንም ክፉውንም ጻፉ። ጽሑፍ የሌለው ሞዴል ልጅ ሲያየው “እንዴት ያምራል!” ብሎ ያልፋል። ጽሑፍ ያለው ግን “ምን ሆኖ ነበር?” ብሎ ይጠይቃል። ያ ጥያቄ ከቀለሙም ከቅርፁም ይበልጣል።

ልኩ የተዛባ ሞዴል በቅርፁ ይዋሻል። ታሪኩ የተደበቀ ሞዴል በዝምታው ይዋሻል። ጥሩ ሠሪ ከሁለቱም ይጠበቃል። እንግዲህ ማስመሪያችሁንና እርሳሳችሁን አንሡ። መጀመሪያ የሚወጣው ጄት ምናልባት ወገቡ ይወፍር፣ አፍንጫውም ይጣመም ይሆናል። አይክፋችሁ። ሁለተኛው ይሻላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከዚያ ይሻላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ጥያቄዎች

1. አሻንጉሊትና ሞዴል በምን ይለያያሉ?
2. የሚግ-21 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 7.15 ሜትር ነው። በ1 ለ50 ስኬል ስንት ሳንቲ ሜትር ይሆናል?
3. ቡሎኑ በአፍንጫው ውስጥ የሚቀበረው ለምንድን ነው?
4. ከማስቲሽ ይልቅ ነጭ ኮላ የሚመረጠው ለምንድን ነው? ለቤተሰባችሁ አስረዱ።
5. በሰፈራችሁ የምታውቁትን አንድ ዕቃ፣ ለምሳሌ በር፣ ጋሪ ወይም ታክሲ፣ ለክታችሁ በ1 ለ50 ስኬል በወረቀት ላይ ሳሉ። ከሥሩም ስለ ዕቃው ሦስት ዐረፍተ ነገር ጻፉ።